ደንበኛ ለምን ይጨመርበታል? ጸሐፊን በስም ለማዘዝ የሚጠየቀው ክፍያ

ለድረ ገጽ፣ ለብሮሹር ወይም ለማስታወቂያ የሚሆን ጽሑፍ በኢንተርኔት የሚያዝዝ ሰው ቅጹን ሲሞላ ከቃላት ብዛትና ከማስረከቢያ ቀን ቀጥሎ አንዲት ትንሽ ሣጥን ልታጋጥመው ትችላለች። ባለፈው የጻፈልኝ ሰው ይጻፍልኝ እንደማለት ናት። ሣጥኗ ላይ ምልክት ሲያደርግ ከግርጌ ያለው ድምር ከፍ ይላል። ሥራው ያው ነው፣ የቃላቱ ብዛት ያው ነው፣ ቀኑም አልተለወጠም፤ የተጨመረው የአንድ ሰው ስም ብቻ ነው።

ባሕር ዳር ውስጥ ለእንግዳ ማረፊያ፣ ለአስጎብኚ ድርጅት ወይም ለሱቅ ጽሑፍ የሚያሠራ ሰው ይህን ሲያይ ግር ቢለው አይገርምም። በእኛ ገበያ ደንበኝነት ዋጋ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ከአንዲት ቅቤ ሻጭ ለዓመታት የገዛ ሰው «ለደንበኛ ነው» ተብሎ ይቀነስለታል፤ ካልሆነም ምራቂ ይጣልለታል። የጽሑፍ ገበያው ግን ደንበኛውን «ያንኑ ሰው ከፈለግህ ጨምር» ይለዋል። ጭማሪውን አንዳንዱ ጉርሻ ይለዋል፣ አንዳንዱ የደላላ ብልጠት፣ ሌላው ደግሞ የችሎታ ዋጋ። ሦስቱም በየቦታቸው ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። የትኛው እንደሆነ የሚለየው ገንዘቡ ማን ኪስ እንደሚገባ ሲታወቅ ነው።

ከመቀጠል በፊት ሁለት ቃላት ይፈቱ። ፍሪላንሰር የሚባለው በአንድ መሥሪያ ቤት ሳይቀጠር ለተለያዩ አሠሪዎች በሥራ ልክ እየተከፈለው የሚሠራ ሰው ነው። ጸሐፊውን ከአሠሪው የሚያገናኘው ድረ ገጽ ወይም ድርጅት በዚህ ጽሑፍ «መድረክ» ተብሏል፤ መድረኩ ከእያንዳንዱ ሥራ የሚቆርጠው ድርሻ ደግሞ ኮሚሽን ነው።

ቅቤ ሻጯና መድረኩ

የቅቤ ሻጯ ሒሳብ በሁለት ሰዎች መካከል ያልቃል። ደንበኛዋ ነገም እንደሚመለስ ስለምታውቅ ከዛሬው ትርፍ ጥቂት ትለቃለች። መድረኩ ግን ሦስተኛ ወገን ነው፤ የሚሸጠው የራሱን ሳይሆን የሌላ ሰው እጅ ያፈራውን ነው። ትእዛዝ ሲመጣለት ሥራ ላልያዙ ጸሐፊዎች ሁሉ ክፍት አድርጎ የቀደመው እንዲወስደው ማድረግ ይቀለዋል። ስም ሲጠራ ይህ ቅልጥፍና ይቀራል። የተጠራው ሰው ታሞ ወይም ሌላ ሥራ ይዞ ሊሆን ይችላል፤ ትእዛዙም እሱን እየጠበቀ ይቆማል። በጣና ዳር ጀልባ በተራ በሚወጣበት ቦታም ነገሩ ተመሳሳይ ነው፦ ተራ የያዘውን ትቶ የሚያውቀውን ባለ ጀልባ የሚጠራ ጎብኚ ለራሱ ደስ የሚል ጉዞ ያገኛል፣ ተራ አስከባሪውን ግን ያስቸግራል።

ሁለተኛው ምክንያት ያን ያህል በግልጽ አይነገርም። የጸሐፊውን ስም ያወቀ ደንበኛ በሚቀጥለው ጊዜ መድረኩን ዘሎ በቀጥታ ሊያሠራው ይችላል። ስም መጥራት ማለት ለመድረኩ ደንበኛውን የማጣት የመጀመሪያ ምልክት ነው። ስለዚህ ጭማሪው በከፊል የማስተናገጃ ወጪ፣ በከፊል ደግሞ ሊያመልጥ ከሚችል ደንበኛ አስቀድሞ የሚሰበሰብ ካሣ ነው።

አንድ የሚመስሉ ሦስት ክፍያዎች

ውዥንብሩ የሚበዛው የተለያዩ ክፍያዎች በአንድ ስም ስለሚጠሩ ነው። የመጀመሪያው ጸሐፊው ራሱ የሚተምነው ከፍ ያለ ዋጋ ነው። በጀርመን የተመሠረተው የጽሑፍ መድረክ ቴክስትብሮከር ለዚህ ጥሩ ማሳያ ይሆናል፦ ደንበኛው ትእዛዙን ለሁሉም ክፍት ሊያደርገው፣ ለተመረጠ ቡድን ሊሰጠው ወይም በቀጥታ ለአንድ ጸሐፊ ሊልከው ይችላል። ለሁሉም ክፍት በሆነው ትእዛዝ ዋጋው በጥራት ደረጃ የተወሰነ ነው፤ በቀጥታ በሚላከው ላይ ግን ጸሐፊው የአንዱን ቃል ዋጋ ራሱ ያወጣል። እዚህ ላይ ደንበኛው ስም በመጥራቱ ቢጨምር እንኳ የጨመረው ለተጠራው ሰው ነው።

ሁለተኛው መድረኩ ለራሱ የሚያስቀረው የመምረጫ ክፍያ ነው፤ ጸሐፊው አንዳንዴ መከፈሉንም አያውቅም። ሦስተኛው የቅድሚያ ክፍያ ነው፦ የጸሐፊው ማንነት ሳይሆን የተራው ቦታ ነው የሚገዛው። ማስረከቢያውን ለማፋጠን የሚከፈለውና ሰውን ለመምረጥ የሚከፈለው በደረሰኝ ላይ ተጠቃለው ሲቀርቡ ደንበኛው ምን እንደገዛ ለይቶ ማወቅ አይችልም።

ሁሉም መድረኮች ግን እንዲህ አይሠሩም። እ.ኤ.አ. በ2010 ሥራ የጀመረው ፋይቨር ከመነሻው ባለሙያውን በስምና በፎቶግራፍ ደርድሮ ያቀርባል፤ መምረጥ ራሱ የአሠራሩ መጀመሪያ ስለሆነ ለብቻው አይከፈልበትም። ገቢው የሚሰበሰበው በሌላ በር ነው፦ ከባለሙያው 20 በመቶ ይቆረጣል፣ ገዥውም የአገልግሎት ክፍያ ይጨምራል። «በእኛ ዘንድ ስም መምረጥ ነጻ ነው» የሚል ማስታወቂያ ከመታመኑ በፊት የኮሚሽኑ መጠን ቢታይ ጥሩ ነው።

ስሙ የተፈለገው ለምንድን ነው?

ነገሩን በአንድ ምሳሌ ጠጋ ብሎ ማየት ይቻላል። የእንግዳ ማረፊያ ያለው ሰው ለድረ ገጹ ስለ ጣና ገዳማት ጽሑፍ አዘዘ እንበል። የመጀመሪያው ጸሐፊ በዘጌ ልሳነ ምድር ያለችው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሴትም ወንድም እንደምታስተናግድ፣ ክብራን ገብርኤል ግን ሴት እንደማይገባበት፣ ከክብራን አጠገብ ያለችው እንጦስ ኢየሱስ ደግሞ ለሴቶች ክፍት እንደሆነች ለይቶ ጻፈ። ስለ ጢስ ዓባይም ፏፏቴው በክረምትና በክረምት ማግሥት እንደሚሞላ፣ በጋው እየገፋ ሲሄድ ውኃው እንደሚሳሳ፣ ለዚህም አንዱ ምክንያት ለኃይል ማመንጫ የሚጠለፈው ውኃ እንደሆነ ጠቀሰ።

በሁለተኛው ጊዜ ትእዛዙ ለሌላ ጸሐፊ ደረሰ። ሰዋስው የተስተካከለ፣ ዓረፍተ ነገሩ የሚፈስ ጽሑፍ መጣ፤ ነገር ግን «ሁሉንም ደሴቶች ከባለቤትዎና ከልጆችዎ ጋር ይጎብኙ» ይላል፣ ጢስ ዓባይንም በመጋቢት እንዲያዩት ይጋብዛል። ያንን አንብባ የመጣች እንግዳ ክብራን ወደብ ላይ ጀልባ ውስጥ ተቀምጣ ባሏን ስትጠብቅ የሚሰማት ቅሬታ ጸሐፊው ዘንድ አይደርስም፤ የሚደርሰው የማረፊያው ባለቤት ዘንድ ነው። በሦስተኛው ጊዜ ይህ ሰው ስም ቢጠራና ቢጨምርበት የቅንጦት ነገር አይደለም።

ኢኮኖሚስቶች ይህን የመረጃ አለመመጣጠን ይሉታል፦ ሻጩ ስለ ዕቃው የሚያውቀውን ገዥው ማወቅ አለመቻሉ። ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጥናት ያገለገሉ መኪናዎችን ምሳሌ አድርጎ እንዳሳየው፣ ገዥ ደህናውን ከብልሹው መለየት ሲያቅተው ለሁሉም አማካይ ዋጋ ብቻ ለመክፈል ይፈልጋል፤ ደህና ዕቃ ያለውም በዚያ ዋጋ ከመሸጥ ይልቅ ገበያውን ይለቃል። አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ2001 ከማይክል ስፔንስና ከጆሴፍ ስቲግሊትዝ ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። የእኛ ቅቤ ገዥዎች ደግሞ ይህን ሁሉ ሳያነቡ ሙዝ ያልተቀላቀለበትን ቅቤ ለማግኘት ደንበኛ መያዝን ዘዴ አድርገውታል። ጽሑፍ ከቅቤ የባሰ ነው፤ ቅቤ ሲቀልጥ ይታወቃል፣ የጽሑፍ ስሕተት ግን ታትሞ፣ ተሰራጭቶ፣ እንግዳ መጥቶ ነው የሚገለጠው።

ሒሳቡ ሲፈታ

የሚከተለው ለማስረዳት የቀረበ ምሳሌ ነው። የጽሑፉ መደበኛ ዋጋ 3,000 ብር፣ የመድረኩ ኮሚሽን 20 በመቶ፣ ጸሐፊን በስም ለመምረጥ የሚጨመረውም 20 በመቶ ይሁን። ደንበኛው 3,600 ብር ይከፍላል።

ጭማሪው ሙሉ በሙሉ የመድረኩ ከሆነ ጸሐፊው ከ3,000 ብሩ ላይ 600 ተቆርጦበት 2,400 ይደርሰዋል። መድረኩ 600 ከኮሚሽን፣ 600 ከመምረጫ፣ በጠቅላላው 1,200 ብር ያገኛል፤ ደንበኛው ከከፈለው አንድ ሦስተኛ ማለት ነው። ጭማሪው የጸሐፊው ዋጋ ሆኖ ተቆጥሮ ኮሚሽኑ ከጠቅላላው ቢቆረጥ ግን መድረኩ 720፣ ጸሐፊው 2,880 ብር ይደርሳቸዋል። ደንበኛው በሁለቱም መንገድ የከፈለው አልተለወጠም። የተለወጠው ስሙ የተጠራው ሰው 480 ብር ማግኘቱ ወይም ማጣቱ ነው።

በመጀመሪያው አሠራር አንድ እንግዳ ነገር አለ። ጸሐፊው ደንበኛ መልሶ እንዲጠራው የሚያደርግ ጥንቃቄ ቢጨምር፣ ገዳሙ ድረስ ሄዶ ቢያጣራ፣ ድካሙ የሚያፈራው ገቢ ለእሱ ሳይሆን ለመድረኩ ነው። ስሙን የሚገነባው ጸሐፊው፣ ኪራዩን የሚሰበስበው ሌላ። እንዲህ ያለ ክፍያ የጽሑፍ ዋጋ ሳይሆን የበር መግቢያ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በዚህ ጽሑፍ እይታ የመጀመሪያው ምርጫ ላይ መድረኩ ድርሻ ቢጠይቅ ያስኬዳል፤ የጸሐፊዎችን ችሎታ መዝኖ፣ ናሙና አቅርቦ፣ ሰውየውን ያስተዋወቀው እሱ ነው። ደንበኛው ሰውየውን ካወቀው በኋላ በአምስተኛውና በስድስተኛው ትእዛዝ ላይም ያንኑ መጠን መጠየቅ ግን የተከፈለበትን ፍለጋ ደግሞ ማስከፈል ነው።

ለመድረኮቹ የሚከራከሩ ወገኖች የሚያነሱት ነጥብም ቀላል አይደለም። መድረኩ ገንዘቡን በአደራ ይይዛል፤ ጽሑፉ ሳይደርስ ለጸሐፊው አይለቅም፣ ጽሑፉ ደርሶ ደንበኛው ቢያንገራግርም ጸሐፊው ባዶ እጁን አይቀርም። ይህ አገልግሎት በስድስተኛው ትእዛዝም አለ። እውነት ነው። ነገር ግን የዚህ አገልግሎት ዋጋ ኮሚሽኑ ነው፤ ስም ተጠራም አልተጠራም ይከፈላል።

ዘሎ ማለፍ

ከላይ ባለው ምሳሌ ደንበኛውና ጸሐፊው መድረኩን ትተው በ3,000 ብር ቢስማሙ ደንበኛው 600 ይተርፈዋል፣ ጸሐፊውም 600 ይጨመርለታል። 1,200 ብር ለሁለት መካፈል ነው። ጭማሪው ለጸሐፊው በሚደርስበት አሠራር ግን ሁለቱ የሚካፈሉት 720 ብር ብቻ ነው። ደንበኛ እንዳያመልጥ ተብሎ የተጣለው ክፍያ ራሱ የማምለጫውን ትርፍ ያሰፋል ማለት ነው።

ባሕር ዳርን በመሰለ፣ ሰው በሁለት በሦስት ሰው በኩል በሚተዋወቅበት ከተማ ዘሎ ማለፍ ከባድ አይደለም። ግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ከጀመረ ወዲህ ክፍያውም የባንክ ወረፋ አይፈልግም። ታላላቆቹ ዓለም አቀፍ መድረኮች ይህን የሚከላከሉት በውል ነው፤ ለምሳሌ አፕወርክ በመድረኩ የተገናኙ ሰዎች ለሁለት ዓመት ከመድረኩ ውጪ ክፍያ እንዳይፈጽሙ ይከለክላል፣ መውጣት የሚፈልግም የመለወጫ ክፍያ አለበት። ትንንሽ አገናኞች ደግሞ የጸሐፊውን ስም በቁጥር ይተካሉ። «ጸሐፊ 14» ደንበኛውን ያረካል፣ ስልኩ ግን አይገኝም።

በቀጥታ መሥራት የሚያስቀረውም ነገር አለ። አደራ ያዥ የለም፤ ቅድሚያ የከፈለ ደንበኛ ወይም ቀድሞ የላከ ጸሐፊ ሊቀር ይችላል። ለውጭ አገር ደንበኛ ለሚጽፍ ሰው ደግሞ መድረኩ የክፍያ መንገድም ጭምር ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ማሻሻያ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። አምስት ዶላር የመምረጫ ክፍያ ለአሜሪካዊው ደንበኛ የቡና ዋጋ ነው። ከዚያ ውስጥ አራቱ ለጸሐፊው መድረሱ ወይም አለመድረሱ ባሕር ዳር ላይ ሌላ ትርጉም አለው።

ስም የሌላቸው

ክፍያው ለጸሐፊው ሲደርስ ሁሉም ነገር ይስተካከላል ማለት አይደለም። ደንበኞች ሁሉ የሚያውቁትን ሰው ከጠሩ ገና ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ የመጣው ጀማሪ የት ይጀምር? ኢኮኖሚስቱ ሸርዊን ሮዘን እ.ኤ.አ. በ1981 እንዳብራራው፣ ጥቂት የላቁ ሰዎች ብዙ ደንበኛ መድረስ በሚችሉበት ገበያ ትንሽ የችሎታ ልዩነት እጅግ ትልቅ የገቢ ልዩነት ይፈጥራል። በጽሑፍ ላይ ይህ ገደብ አለው፤ አንድ ሰው በቀን የሚጽፈው ውስን ነው። ገደቡ ግን አዲስ ፈተና ያመጣል፦ ከአቅሙ በላይ የተጠራ ጸሐፊ ወይ ዋጋ ይጨምራል፣ ወይ ሥራውን በድብቅ ለሌላ ያስተላልፋል።

በዚህ በኩል ለክፍያው የሚሟገት አንድ ጠንካራ ሐሳብ አለ። ስም መጥራት ነጻ ቢሆን ሁሉም ሰው የታወቀውን ይጠራል፤ ጥቂት ቢያስከፍል ግን ለጉዳዩ ቁርጥ ያለ ፍላጎት ያለው ሰው ብቻ ይከፍላል፣ ቀሪው ትእዛዝ ለጀማሪዎች ይተርፋል። ፀጉር አስተካካይ ቤት ይህን ችግር ያለ ገንዘብ ይፈታዋል፦ የለመደውን ሰው የፈለገ ተቀምጦ ይጠብቃል። ነገ ጠዋት ጽሑፍ የሚፈልግ ሰው ግን መቀመጥ አይችልም፤ ስለዚህ በጊዜው ፋንታ በገንዘቡ ይጠብቃል።

ከፋዩ ተማሪ ሲሆን

ጸሐፊን በስም የመምረጥ ክፍያ በብዛት የሚገኝበት አንዱ ዘርፍ ለተማሪ የክፍል ሥራና የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠራው ንግድ ነው። እዚያ የስሙ ጥቅም ሌላ ነው። መምህሩ በአንድ ሴሚስተር ሁለት የተለያዩ የአጻጻፍ ስልቶችን ካየ ይጠረጥራል፤ ያው ጸሐፊ እንዲመደብ የሚከፈለው ማጭበርበሩ ወጥ እንዲሆን ነው። አየርላንድ እ.ኤ.አ. በ2019፣ እንግሊዝ በ2022 ይህን ንግድ የሚከለክሉ ሕጎች አውጥተዋል። ስለ ክፍያ ፍትሐዊነት የሚደረገው ክርክር እዚህ ላይ ቦታ የለውም።

ስሙ አንድ፣ እጁ ሌላ

የብራና መጽሐፍ ተጽፎ ሲያልቅ መጨረሻው ላይ የሚሰፍር የተለመደ ጸሎት አለ፦ «ለዘጸሐፎ ወለዘአጽሐፎ ወለዘአንበቦ…»። የጻፈው፣ ያጻፈውና ያነበበው በየፊናቸው ይታሰባሉ። ማን እንደጻፈና ማን እንዳጻፈ መለየት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። (ያገናኘው ሰው በጸሎቱ ውስጥ አለመኖሩን ለመድረኮቹ ባንነግራቸው ይሻላል።)

ዛሬ ያለው ስጋት የጻፈው የተባለው ሰው አለመጻፉ ነው። በመድረኮች ላይ ጥሩ ደረጃ ያገኘን መለያ ለሌላ ሰው ማከራየት በሰፊው የሚታወቅ ችግር ነው፤ ደንበኛው ለስሙ ከፍሎ የማያውቀው ሰው ይጽፍለታል። ጽሑፍ የሚያመነጨው የኮምፒውተር ፕሮግራም ቻት ጂፒቲ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ከወጣ በኋላ ደግሞ እጁ የሰው መሆኑም ያጠራጥራል። ይህ ሁለት ተቃራኒ ነገሮችን አብሮ አምጥቷል። ማንም ሊጽፈው የሚችለው ጽሑፍ ዋጋው ወርዷል፤ ስለዚህ ክብራንን ከእንጦስ ለይቶ የሚያውቅ ሰው ስም ይበልጥ ይፈለጋል። በዚያው ልክ ያ ሰው የተጠራበትን ሥራ ለማሽን ሰጥቶ ጭማሪውን ቢወስድ ደንበኛው በቀላሉ አያውቅም።

የኢትዮጵያ ሕግ ለዚህ ጉዳይ መነሻ አለው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1740 ባለዕዳው ግዴታውን ራሱ መፈጸሙ ለባለ ገንዘቡ አስፈላጊ ሲሆን ወይም ይህ በግልጽ የተስማሙበት ሲሆን ራሱ ሊፈጽመው እንደሚገባ ይደነግጋል። በሌላ ሁኔታ ሦስተኛ ወገን ሊፈጽምለት ይችላል። ሰውን በስም ለይቶ፣ ለዚያም ለብቻው ከፍሎ ያዘዘ ሰው የጸሐፊው ማንነት አስፈላጊ መሆኑን ከዚህ በላይ በምን ያሳያል? የመምረጫ ሣጥኗ ላይ የተደረገው ምልክት የዋጋ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የውል ቃልም ነው። ጽሑፉ በደንበኛው ስም ወይም ያለ ስም መታተሙ ይህን አይለውጠውም፤ የሚታየው ስምና የሚጽፈው እጅ የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው።

ኔትወርክ ሲጠፋ

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ለሁሉም ክፍት የሆነ ትእዛዝ ሌላ ከተማ ያለ ጸሐፊ ያነሳዋል፤ በስም የተላከው ግን ሳይከፈት ቀኑ ያልፍበታል። መድረኩ ምክንያቱን አይጠይቅም፣ ዘግይቷል ብሎ ይመዘግባል። ስሙን ለዓመታት የገነባ ሰው ባልፈጠረው ምክንያት ደረጃው ይወርዳል፤ የተለመደው የመብራት መቋረጥም በትንሹ ያንኑ ያደርጋል። ብዙ ደንበኛ በስም የሚጠራው ጸሐፊ ለዚህ አደጋ ይበልጥ የተጋለጠ ነው።

ለደንበኛው የሚነሳው ጥያቄ የሚመለስለት ስንት ነው የሚለው ነው። አንዳንድ መድረኮች የተመረጠው ሰው ካልተገኘ ሥራውን ለሌላ ሰጥተው የመምረጫ ክፍያውን ብቻ የሚመልሱበትን አንቀጽ በውላቸው ያስገባሉ፤ በእኛ ምሳሌ 600 ብር። ደንበኛው ተተኪውን አስቀድሞ ከተቀበለ ይህ በቂ ነው። ካልተቀበለ ግን በቁጥር 1740 መንፈስ የሌላ ሰው ጽሑፍ የታዘዘው ሥራ ተፈጸመ አያሰኝም፤ ሊመለስለት የሚገባውም 3,600 ብር ነው። ስለዚህ ቅጹ ላይ ከመምረጫ ሣጥኗ ሥር አንድ መስመር ቢጨመር ጥሩ ነው፦ ጸሐፊው በተባለው ቀን ካልተገኘ ይጠበቅ፣ ይተካ ወይስ ገንዘቡ ይመለስ? ከሦስቱ አንዱን ማክበቡ ለደንበኛው የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ጸሐፊውም መብራት ሲመጣ ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል።